«ነጻ ነው» ስትለኝ ያላመንኳት ልጄና የአንድ ካርቶን ዕቃ ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ጊዜ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው፣ እንዳትደናገሩ።

በ2019 መስከረም ላይ ነው። ያኔ ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባዬ፣ የሮቦት ውድድር ቡድን ውስጥ ገባሁ» አለችኝ። ከኦክላሆማ ሎድ አድርሼ ገና መመለሴ ነበር፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።

«ስንት ነው?» አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«ክፍያ የለውም።»

«ለዕቃውስ?»

«ዕቃውን እነሱ ናቸው የሚሰጡን።»

«ለመግቢያስ? ለመመዝገቢያስ?»

«ነጻ ነው አልኩህ እኮ አባዬ!»

አላመንኳትም። በዚህ አገር ነጻ የተባለ ነገር ሁሉ ሁለተኛው ገጽ ላይ ዋጋው እንደሚጻፍ አስራ ምናምን ዓመት ኖሬ አውቀዋለሁ። ያላመንኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ትልቁ ልጄ አስረኛ ክፍል እያለ እንዲሁ የሮቦት ቡድን ልግባ ብሎኝ ነበር። የእሱ ትምህርት ቤት የሚሳተፍበት ውድድር ሌላ ነው። ከቡድኑ የመጣው ወረቀት ላይ የመመዝገቢያ ድርሻ፣ የጉዞ፣ የሆቴል፣ የካናቴራ እየተባለ ተደርድሮ መጨረሻው ላይ የተደመረው ቁጥር የአንድ ወር የቤት ኪራያችንን ግማሽ ያህል ነበር። እኔ ደግሞ «ይሄ መጫወቻ ነው፣ ዋናውን ትምህርትህን ተማር» አልኩት። ውሸቴን ነው። ብር የለኝም ማለት ከብዶኝ ነው። ልጁ ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ አለመጠየቁ ነው እስከዛሬ የሚከነክነኝ።

ስለዚህ የልጅቷ ውድድር እውነትም ነጻ ሆኖ ስናገኘው ደስ ከማለቱ በፊት ግራ ገባኝ። ማነው የከፈለው? ለምን? መንገድ ላይ ስሆን ፖድካስት የምሰማ፣ ትራክ ስቶፕ ስቆም የማነብ ሰው ነኝና ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። ያገኘሁትን ነው አሁን የማጫውታችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው እኛ ባለንበት ቴክሳስ አይደለም፣ ማሳቹሴትስ ነው፣ ኤምአይቲ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ዉዲ ፍላወርስ የሚባል ወጣት የመካኒካል ምህንድስና መምህር አንድ የንድፍ ኮርስ ተረከበ። የኮርሱ ቁጥር 2.70 ነው፤ ኤምአይቲ ውስጥ ኮርስ በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው የሚጠራው። ፍላወርስ የተወለደው በ1943 ሉዊዚያና ውስጥ ጄና በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን አባቱ በያጅ ነበር። ኮርሱ ላይ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ከረጢት ይሰጣል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው የሚጥለው ዓይነት ዕቃ ነው፦ ሽቦ፣ ላስቲክ፣ ቁርጥራጭ እንጨት፣ ትንንሽ ሞተር። የሁሉም ከረጢት አንድ ዓይነት ነው። ሥራውም ለሁሉም አንድ ነው፤ «ይሄን ኳስ ከዚህ አንስቶ እዚያ የሚያደርስ ማሽን ሥሩ» ይባላሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማሽኖቹ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ተማሪው እንደ ኳስ ሜዳ ይጮኻል።

ይሄን ሳነብ የመጣብኝ ኮምቦልቻ ነው። እኛም እኮ የሽቦ መኪና የሠራን ሰዎች ነን። ጎማውን ከቆርኪ የሚያደርግ ነበር፤ ትንሽ ባለሙያ የሆነው ደግሞ ያለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ክብ አድርጎ ይቆርጣል። ከሰፈራችን የትኛው ልጅ ሀብታም፣ የትኛው ድሃ እንደሆነ ከመኪናው አይታወቅም ነበር፤ ሁሉም ዕቃውን የሚያገኘው ከአንድ ቆሻሻ ክምር ነዋ። የፍላወርስ ከረጢትም ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው። አባትህ የባንክ ባለቤት ቢሆን የተሻለ ሞተር ገዝተህ መግባት አትችልም።

(በነገራችን ላይ ጃፓኖችም በራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። ማሳሂሮ ሞሪ የሚባል የቶኪዮ ፕሮፌሰር ለተማሪዎቹ ከጥቂት ባትሪ ድንጋይ የሚገኝ ጉልበት ብቻ ሰጥቶ ማሽን ያሠራቸው ነበር። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ የጃፓኑ ኤንኤችኬ ቴሌቪዥን የቴክኒክ ኮሌጆችን የሮቦት ውድድር ለመላው አገር ማሳየት ጀመረ። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ሌላ ቀን።)

የ2.70 ውድድር በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በፒቢኤስ መታየት ከጀመረ በኋላ ነገሩ ከኤምአይቲ ግቢ ወጣ። ፍላወርስም በቴሌቪዥን የታወቀ ፊት ሆነ፤ ከ1990 እስከ 1993 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን ፍሮንቲየርስ» የተባለውን ፕሮግራም የመራው እሱ ነው። በዚህ መሃል ዲን ኬመን መጣ። ኬመን በሰውነት ላይ የሚታሰር የመድኃኒት መስጫ ፓምፕ የሠራ፣ በኋላ ደግሞ ሴግዌይ የምትባለዋን ባለ ሁለት ጎማ መጓጓዣ ያወጣ ሰው ነው። የአሜሪካ ልጆች የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንጂ የሳይንቲስት ስም አያውቁም ብሎ በ1989 ፈርስት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፣ ከፍላወርስም ጋር ገጠሙ። የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር በ1992 ኒው ሃምፕሸር፣ ማንቸስተር ከተማ አንድ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ተደረገ፤ 28 ቡድን ነበር። ዛሬ ፈርስት የዓለም ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቡድኖች አሉት።

ግን ልብ በሉ። ፈርስት የተሠራው ትምህርት ቤቶችን ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር በማጣመር ነው። ኩባንያው መሐንዲሶቹንም ገንዘቡንም ያመጣል። አዳራሹ አደገ፣ ሮቦቱ አደገ፣ ዋጋውም አብሮ አደገ። ዛሬ በትልቁ የፈርስት ውድድር ለመመዝገብ ብቻ አንድ ቡድን በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ያስፈልገዋል። ጉዞና ተጨማሪ ዕቃ ከዚህ ውጪ ነው። እርግጥ ለጀማሪ ቡድኖች የሚረዱ አሉ። ፈርስትን ለማጥላላት አይደለም የምጽፈው፤ ስንት ልጅ እዚያ አልፎ ትልቅ ቦታ ደርሷል። ነገር ግን የከረጢቱ ሐሳብ እዚህ ላይ ትንሽ ቀጥኗል። ከረጢቱ ለመድረስ መጀመሪያ በር ላይ መክፈል መጣ።

አሁን ወደ ቤታችን አጠገብ ልምጣ።

ከጋርላንድ በሃይዌይ 75 ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ስትነዱ ሸርመን የምትባል ከተማ አለች። ወደ ኦክላሆማ ስሄድ ሁልጊዜ የማልፍባት ናት። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እዚያ ፋብሪካ አለው። ልጆቻችን ለሒሳብ ትምህርት የሚገዙትን ያን ውድ ካልኩሌተር የሚሠራው ድርጅት ማለት ነው። ዳላስ ውስጥ ጃክ ኪልቢ በ1958 የመጀመሪያዎቹን ቺፖች አንዱን የሠራውም እዚሁ ድርጅት ተቀጥሮ ነው፤ በ2000 ኖቤል ተሸልሞበታል።

በ1993 ሸርመን ባለው ፋብሪካ ተማሪዎች የምህንድስናን ሥራ እንዲጎበኙ የተጋበዙበት ቀን ነበር። አስጎብኚዎቹ ቴድ ማህለርና ስቲቭ ማረም የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ናቸው። ለልጆቹ ቪዲዮ ከፈቱላቸው፤ የፍላወርስ ተማሪዎች ከከረጢት ዕቃ ማሽን ሲሠሩ የሚያሳየውን። ልጆቹ ከወንበራቸው መነሳት አቃታቸው። ሁለቱ ሰዎች ተያዩና «እኛስ ለምን አናደርገውም?» ተባባሉ። ድርጅታቸውን አስፈቀዱ። በዚያው ዓመት 14 ትምህርት ቤቶችና 221 ተማሪዎች የተሳተፉበት ውድድር ተደረገ፤ አንዱ ቡድን ከሳን አንቶኒዮ ድረስ ነው የመጣው። የሳን አንቶኒዮዎቹ ተመልሰው የራሳቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ ሌላ ግዛት። ስሙን ቤስት አሉት።

ይኸው ነው። ከዋሽንግተን የመጣ ፖሊሲ የለም፣ ሚሊየነር የለም። ሥራ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከረጢቱን ወደ ቦታው መለሱት። የቤስት ሕግ እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ለመሳተፍ አይከፍልም። በየአካባቢው ፈቃደኞች የሚመሩት ማዕከል አለ፤ ብዙ ጊዜ ኮሌጅ ነው የሚያስተናግደው። ገንዘቡን ከአካባቢው ድርጅቶች ለምኖ የሚያገኘው ማዕከሉ ነው። በመክፈቻው ቀን ለሁሉም ቡድን እኩል ዕቃ ይታደላል። ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቆርጠህ፣ ቀጥለህ የምትጨርሰው ነው፦ ኮምፔንሳቶ፣ የፒቪሲ ቱቦ፣ ብሎን፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ሳይቀር። ሁለተኛው ውድ ውዱ ነው፦ ሞተሮች፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያው። እሱን ስትጨርስ ትመልሳለህ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ይሠራበታል። ሮቦቱ ከ24 ፓውንድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ገደማ መብለጥ የለበትም። ጊዜው ስድስት ሳምንት ነው። አዋቂ ይመክራል እንጂ የሚነድፈውም የሚሠራውም ተማሪው ነው። የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጅና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ጎረምሳ አንድ ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ።

በየዓመቱ ጨዋታው ይቀየራል። አንድ ዓመት ውቅያኖስ ውስጥ የተከማቸ ቆሻሻ ማጽዳት፣ አንድ ዓመት የነፋስ ኃይል ማመንጫ መትከል። ልጄ የገባችበት የ2019 ጨዋታ ርዕስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በተፈጥሮ አደጋ የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ጠግኖ መብራት መመለስ! እኔና እናቷ ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም። «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ሮቦት አዲስ አበባ ነው መላክ» አልኳት። ቀልዱ አልገባትም፤ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ «እሰይ!» ብሎ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም።

ያን ስድስት ሳምንት ጋራዣችን የእኔ መሆኑ ቀረ። በየቦታው ሰጋቱራ ነው። ልጄና ሁለት ጓደኞቿ የተመደቡት ጎማ ላይ ነበር። ከሱቅ የተገዛ ጎማ መግጠም ስለማይቻል ከኮምፔንሳቶ ክብ አድርገው መቁረጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ እንዳይንሸራተት ከመነዳሪውን ዙሪያውን ማልበስ አለባቸው። የመጀመሪያው እንደ እንቁላል ሆነ። ሁለተኛው መሃሉ ላይ የተበሳው ቀዳዳ ስቶ ሮቦቱ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ ይል ጀመር። ትራክ የምነዳና የምጠግን ሰው ነኝ፣ እጄን በላኝ። «አምጪው ልቁረጥልሽ» ስላት «አይፈቀድም» አለችኝ። እናቷ «ሂድና ቡናህን ጠጣ» አለችኝ። ሄድኩ።

የውድድሩ ቀን ያየሁትን ብነግራችሁ... ባንድ አለ፣ ከበሮ አለ፣ አሻንጉሊት የለበሰ የሚጨፍር አለ። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ነው የመሰለኝ፣ ስድቡ ሲቀር። አንድ ግጥሚያ ሦስት ደቂቃ ነው፣ አራት ሮቦት በአንድ ጊዜ። ሦስት ደቂቃ ግን ልጅህ ቆማ መቆጣጠሪያ ስትይዝ ሦስት ሰዓት ነው። ደግሞ ዋናው ሽልማት ለአሸናፊው ሮቦት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ሥራቸውን ቀን በቀን የመዘገቡበትን ደብተር፣ ዳኞች ፊት ቀርበው ያስረዱበትን፣ ቡድናቸውን ያስተዋወቁበትን ሁሉ ደምረው ነው ትልቁን ሽልማት የሚሰጡት። እንዲህ ያለውን መንፈስ ከረጢቱን የፈጠረው ፍላወርስም ዕድሜ ልኩን ሲሰብክ ነበር፤ ተፎካካሪህን ብሎን ቢጎድለው አበድረህ ከዚያ አሸንፈው የሚል ዓይነት። የሚያሳዝነው፣ ልጄ ኮምፔንሳቶ እየቆረጠች ባለችበት በዚያው ወቅት፣ በጥቅምት 11 ቀን 2019 አረፈ። ያኔ ስሙን እንኳን አላውቀውም ነበር።

አሸነፉ? የለም። ከመሃል በታች ወጡ።

እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር፣ ነጻ ነው ስላልኩ ሁሉም እኩል ነው እንዳትሉ። ዕቃው እኩል ነው። ካርቶኑን ከፍተው ሲጀምሩ ግን አንዱ ትምህርት ቤት ልጆቹን የሚመክሩ አምስት መሐንዲስ ወላጆች አሉት፣ ሙሉ የእንጨት ሥራ ክፍል አለው፤ የእኛዎቹ አንድ የሳይንስ አስተማሪና የእኔ ጋራዥ ነበራቸው። ወላጁ ሁለት ሥራ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ማታ የሚያደርሰው የለም፤ ከልጄ ቡድን ሁለት ልጆች በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ያቆሙት። ማዕከሉም በፈቃደኞች ጫንቃ ላይ የቆመ ነው፤ የሚለምነው ሰው ሲደክመው ወይም ኮሌጁ አዳራሹን ሲከለክል ይዘጋል። ቤስት ከፈርስት ጋር ሲነጻጸር ስሙ የማይታወቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ርካሽ ነገር ማስታወቂያ የለውም።

ግን በሩ ላይ የሚከፈል አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ማን ከበሩ ውጪ እንደሚቀር እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ በር ሳስብ ሁልጊዜ የምጠቅሰው አንድ ሌላ ታሪክ አለ፣ ከቤስት ውጪ ነው። በ2004 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ የውኃ ውስጥ ሮቦቶች ውድድር ነበር። ከአሪዞና፣ ፊኒክስ ካርል ሃይደን ከሚባል የድሆች ሰፈር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ልጆች መጡ። አራቱም ሜክሲኮ የተወለዱ፣ ወረቀት የሌላቸው። ሮቦታቸውን የሠሩት ከፒቪሲ ቱቦ ነው። ማጣበቂያው ስለሚሸት ስሟን «ገማቷ» አሏት። የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኗ ውኃ ሲያስገባባቸው አንደኛው ልጅ እያፈረ ሱቅ ሄዶ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ ታምፖን ገዝቶ መጣና ውስጡ ጠቀጠቁት፤ ውኃውን መጠጠላቸው። ተደባድበው ሳይሆን ተወዳድረው ኤምአይቲን አሸነፉ። አዎ፣ ያንኑ ኤምአይቲ፣ የከረጢቱን አገር። በ2015 ፊልም ተሠርቶበታል፣ ስሙ «ስፔር ፓርትስ» ነው። ከልጆቹ አንዱ በኋላ የአሜሪካ ወታደር ሆኗል።

ፊልሙን ከትልቁ ልጄ ጋር ነው ያየሁት፣ ለእረፍት ከኮሌጅ በመጣ ጊዜ። ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ነው ስለዚያ ወረቀት የነገርኩት። «ትምህርትህን ተማር ያልኩህ ብር ስላልነበረኝ ነው» አልኩት። «አባዬ፣ እኔ እኮ ያኔም አውቅ ነበር» አለኝ። እንደማያውቅ እያሰብኩ አምስት ዓመት ስቃጠል።

በየካቲት 2021 ቴክሳስ በረዶ ሲመታት ታስታውሳላችሁ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ እኛም ቤት ጠፋ። አምስታችን አንድ ክፍል ተከማችተን፣ ጋቢ ደርበን፣ ሻማ አብርተን ተቀመጥን። ልጄ ከጋቢው ውስጥ አንገቷን አውጥታ «አባዬ፣ ሮቦቱን አዲስ አበባ ነው የምትልከው አላልክም?» አለችኝ። ለካ ቀልዱ ዘግይቶ ገብቷታል።

ሮቦቱ ግን የለም። ውድድሩ ባለቀ በሳምንቱ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብላ በካቻቢቴ ፈታታችው። ሞተሮቹን አንድ በአንድ ጠርጋ፣ ሽቦውን ጠቅልላ፣ ዝርዝሩ ላይ ምልክት እያደረገች ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው፤ ለቀጣዩ ዓመት ልጆች። አንድ ሞተር ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፋ አይቻት «ምንድነው የጻፍሽው?» ስላት «ይሄኛው ወደ ግራ ይስባል፣ እንዳይሸወዱ» አለች።

የቀረን አንድ የኮምፔንሳቶ ጎማ ብቻ ነው፣ ያ እንደ እንቁላል የሆነው የመጀመሪያው። ጋራዡ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ባለፈው ገና ትልቁ ልጄ መጥቶ አወረደው፣ በጣቱ ላይ አድርጎ አዞረው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው።

«ይሄ እኮ ክብ አይደለም» አለ።

እህቱ ከውስጥ ሰምታ «ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር የነበረን!» ብላ ጮኸች።